መርካቶና የኢትዮጵያ የፋይናንስ ወንጀል ስጋት ግምገማ

መርካቶ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የገበያ ሰፈር ነው። በአፍሪካ ካሉት ትላልቅ የገበያ ስፍራዎች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። ከውጭ የሚገባው ሸቀጥ ሰፊ ክፍል ወደ ክልል ከተሞች የሚሠራጨው ከዚህ በመነሳት ነው። ከገጠር የሚመጣው እህል፣ በርበሬና ቅመምም እዚሁ ይራገፋል።

የኢትዮጵያ የፋይናንስ ወንጀል ስጋት ሲገመገም መርካቶ ደጋግሞ ይነሳል። ይህም የሆነው ሰፈሩ ከሌላው በተለየ የወንጀለኞች መኖሪያ ስለሆነ አይደለም። የጥሬ ገንዘብ ንግድ፣ ያለ ደረሰኝ ሽያጭ፣ የገቢ ዕቃ ዋጋ አሳንሶ ማሳየት፣ ከባንክ ውጭ የሚደረግ የውጭ ምንዛሪ ዝውውርና ኮንትሮባንድ የሚገናኙበት የንግድ ሰንሰለት መሐል ላይ ስለሚገኝ ነው። ይኸው ሰንሰለት በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች የዕለት እንጀራ በመሆኑ፣ ስጋቱን የመቀነስ ሥራ ከኑሮ፣ ከግብርና ከኢንቨስትመንት ጥያቄ ተነጥሎ አይታይም።

የመርካቶ አመሠራረት

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ ነበር፤ የሚገኘውም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን የጣሊያን አስተዳደር ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ዕቅድ አወጣ። አራዳና አካባቢው ለአውሮፓውያን ተመደበ። የአገሬው ሰው ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ ትርጉሙም የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ሁለተኛው ቃል ተረስቶ «መርካቶ» የሚለው ብቻ ቀረ። አካባቢው አዲስ ከተማ መባሉም ከዚሁ የአዲስ ሰፈር ምሥረታ ጋር የተያያዘ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት በጅምላ ንግዱ የዓረብ፣ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ድርሻ ከፍተኛ ነበር። ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ቦታውን ያዙ፤ ከእነዚህም መካከል የጉራጌ ተወላጆች በስፋት ይጠቀሳሉ። በሊስትሮነት ወይም በሱቅ ተላላኪነት ጀምሮ፣ እቁብ ጥሎ፣ ቀጥሎም ሱቅ ከፍቶ አስመጪ እስከ መሆን መድረስ በመርካቶ የታወቀ የኑሮ መንገድ ነው።

ገበያው «ተራ» በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ዱባይ ተራና ምናለሽ ተራ ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። ምናለሽ ተራ ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡት ያገለገለ ብረት፣ ጠርሙስና ጎማ እንደገና ለሥራ የሚበቃበት ቦታ ነው። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በገበያው መካከል ጎን ለጎን ይገኛሉ። አውቶቡስ ተራ ደግሞ ገበያውን ከክልሎች ጋር ያገናኛል።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና የከተማ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ብዙ የመርካቶ ሱቆች የመንግሥትና የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። በ1983 ዓ.ም. ከመጣው የሥርዓት ለውጥ በኋላ የግል ንግድ እንደገና ሲስፋፋ ነጋዴዎች በአክሲዮን እየተደራጁ የገበያ ማዕከል ሕንፃዎችን ሠሩ። መሬት የመንግሥት ሆኖ በመቀጠሉ ግን ሱቅ በኪራይ፣ በክፍል ኪራይና በቃል ስምምነት ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ አልቀረም። በንግድ ፈቃድ ላይ የተጻፈው ስምና ሱቁን በትክክል የሚያንቀሳቅሰው ሰው የሚለያዩበት ጊዜ ስላለ፣ እውነተኛውን ባለቤት መለየት ለባንክም ለግብር ሰብሳቢም ያስቸግራል።

የስጋት ግምገማ ምንነት

የፋይናንስ ወንጀል ስጋት ግምገማ አንድ አገር በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ሕጋዊ እንዲመስል ለማድረግ፣ ለሽብር ተግባር ገንዘብ ለማቅረብና ለተያያዥ ወንጀሎች ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ የሚለካበት አሠራር ነው። ግምገማው ሦስት ነገሮችን ያያል።

የመጀመሪያው ሥጋት አምጪው ነው፤ ማለትም ቆሻሻ ገንዘብ የሚያመነጩ ወንጀሎች ምን እንደሆኑ ይጠየቃል። በኢትዮጵያ ሙስና፣ የግብር ማጭበርበር፣ ኮንትሮባንድና ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር በዚህ ረድፍ ይነሳሉ። ሁለተኛው ተጋላጭነት ነው፤ ወንጀለኛው የሚጠቀምበት ክፍተት ምን እንደሆነ ይታያል። ጥሬ ገንዘብ የበዛበት ንግድ፣ ደካማ የመታወቂያ ሥርዓትና ያልተናበቡ መሥሪያ ቤቶች የዚህ ምሳሌ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ መዘዙ ነው። የጠፋ ግብር፣ የሸሸ ካፒታል፣ ለሕጋዊው ነጋዴ ያልተመቸ ውድድርና የአገር ስም መጉደፍ በዚህ ሥር ይመዘናሉ።

ግምገማው የሚከተለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የፋይናንስ ድርጊት ግብረ ኃይል ያወጣቸው 40 ምክረ ሐሳቦች ናቸው። በምሕፃሩ ፋትፍ የሚባለው ይህ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ1989 በቡድን 7 አገሮች የተቋቋመ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ፓሪስ ነው። የመጀመሪያው ምክረ ሐሳብ እያንዳንዱ አገር ስጋቱን ራሱ ለይቶ እንዲያውቅና ቁጥጥሩን በስጋቱ ልክ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ስጋቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ቁጥጥሩ ሊቀል፣ ከፍተኛ በሆነበት ደግሞ ሊጠብቅ ይገባል ማለት ነው። ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የፀረ ገንዘብ ማጠብ ቡድን አባል ናት። ዳሬሰላም ላይ የሚገኘው ይህ ቡድን የፋትፍን መለኪያ በአካባቢው አገሮች ላይ ይተገብራል።

ሕግና ተቋማት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 684 በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ወይም ንብረትን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ ወንጀል መሆኑን ደነገገ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2009 አዋጅ ቁጥር 657 ወጣ። እርሱም በአዋጅ ቁጥር 780/2005 ተተካ። አዋጁ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና አነስተኛ የብድር ተቋማት ደንበኛቸውን እንዲያውቁ፣ መዝገብ እንዲይዙና አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ከፋይናንስ ተቋማት ውጭ ያሉ የቤት ሽያጭ ደላሎችን፣ የከበሩ ማዕድናት ነጋዴዎችን፣ የሒሳብ ባለሙያዎችንና ጠበቆችንም ይመለከታል።

ከባንኮች የሚመጣውን ሪፖርት ተቀብሎ የሚተነትነው መሥሪያ ቤት ቀድሞ የፋይናንስ ደህንነት መረጃ ማዕከል ይባል ነበር፤ አሁን የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ነው። ባንኮችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ድንበርንና የገቢ ዕቃን የሚመለከተው የጉምሩክ ኮሚሽን፣ ግብርን በፌዴራል ደረጃ የሚሰበስበው የገቢዎች ሚኒስቴር ነው። በመርካቶ አብዛኛውን ሱቅ በቅርብ የሚያገኘው ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ማስመለስ አዋጅን አጽድቋል። በዚያው ዓመት ገንዘብ ማጠብን የሚመለከተውን ሕግ ያሻሻለ አዋጅም ወጥቷል።

ኢትዮጵያ በፋትፍ ዝርዝር ውስጥ

የኢትዮጵያን የፀረ ገንዘብ ማጠብ ሥርዓት የሚመለከት የጋራ ግምገማ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ፋትፍ ኢትዮጵያን በተለምዶ «ግራጫ ዝርዝር» በሚባለው መዝገብ አስገባት። የተሰጣት የሥራ ዕቅድ የአገር አቀፍ ስጋት ግምገማውን ውጤት በተግባር ማዋልን፣ ከባንክ ውጭ ያሉ ሙያዎችን በቁጥጥር ሥር ማስገባትን፣ የወንጀል ፍሬ መውረስንና በሽብር ገንዘብ ላይ የሚጣል ዕገዳን ማስፈጸምን ያካተተ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2018 ኢትዮጵያን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ጋር መደባት።

ኢትዮጵያ ዕቅዱን ፈጽማ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከፋትፍ ዝርዝር ወጣች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2020 ከራሱ ዝርዝር ሰረዛት።

በዝርዝሩ መግባት ማዕቀብ አይደለም። ሆኖም የውጭ ባንኮች ከአገሪቱ ባንኮች ጋር ሲሠሩ ተጨማሪ ሰነድ ይጠይቃሉ፤ ክፍያ ይዘገያል፤ ወጪውም ይጨምራል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በግራጫ ዝርዝር መግባት ወደ አገር የሚገባውን ካፒታል በአማካይ የአገር ውስጥ ምርትን 7.6 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገምተዋል። ባንኩ ውስጥ ያለው መዘግየት ቆይቶ ዕቃው ሱቅ በሚደርስበት ዋጋ ላይ ስለሚታይ ጉዳዩ ለመርካቶ አስመጪም የሩቅ ወሬ አልነበረም።

በመርካቶ የሚታዩ የስጋት መንገዶች

ጥሬ ገንዘብ

በመርካቶ የዕለት ግብይት ለረጅም ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ሲካሄድ ቆይቷል። ከክልል የመጣ ነጋዴ ገንዘቡን በቦርሳ ወይም በጆንያ ይዞ ይመጣና ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል። ጥሬ ገንዘብ ምንጩን አይናገርም። የጨርቅ ሽያጭ ብርና የኮንትሮባንድ ሽያጭ ብር በአንድ መሳቢያ ሲገቡ የሚለያቸው የለም። የገምጋሚዎች ትኩረትም እዚህ ላይ ነው፦ የዕለት ሽያጩ በትክክል ስንት እንደሆነ በማይታወቅ ሱቅ ውስጥ የሌላ ሥራ ገንዘብ «ሽያጭ ነው» ተብሎ ባንክ ሊገባ ይችላል።

ዋጋ አሳንሶ ማሳየት

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የውጭ ምንዛሪ በባንክ በኩል ለማግኘት ወረፋ መጠበቅ ግዴታ ነበር፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ብዙ አስመጪዎች በባንክ ኤልሲ የሚከፍቱት ለዕቃው ትክክለኛ ዋጋ ሳይሆን ለከፊሉ ነበር።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 100,000 ዶላር የሚያወጣ ኮንቴነር ልብስ የሚያስመጣ ነጋዴ ኤልሲ የሚከፍተው በ40,000 ዶላር ነው እንበል። የሻጩ ደረሰኝም በዚሁ ልክ ይጻፋል። ቀሪውን 60,000 ዶላር በጥቁር ገበያ ገዝቶ በውጭ አገር ለሻጩ ያስከፍላል። ጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስና ሌሎችንም ክፍያዎች የሚያሰላው በተገለጸው ዋጋ ላይ በመሆኑ መንግሥት ግብር ያጣል። ጉምሩክ ይህን ለመከላከል የራሱን የዋጋ መረጃ ይጠቀማል። ነጋዴው ደግሞ የጉምሩክ ግምት አንዳንዴ ከእውነተኛው ዋጋ በላይ ነው ብሎ ይከራከራል።

የደረሰኝ ሰንሰለት

ከላይ ያለው አሠራር በደረሰኝ ላይ የሚያስከትለው ነገር አለ። ዕቃውን በ40,000 ዶላር አስገባሁ ያለ አስመጪ በ100,000 ዶላር ሒሳብ የተሸጠበትን ደረሰኝ መቁረጥ አይችልም፤ ከቆረጠ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ ሆኖ ግብር ይጠየቅበታል። ስለዚህ ለአከፋፋዩ የሚሰጠው ደረሰኝ ያነሰ ዋጋ የተጻፈበት ነው፤ ወይም ጭራሹኑ የለም። አከፋፋዩም ለቸርቻሪው ደረሰኝ አይሰጥም። ቸርቻሪው የገዛበትን ማስረጃ ሳይይዝ ስለሚሸጥ እርሱም ለገዢው ደረሰኝ አይቆርጥም። ወጪውን በሰነድ የሚያስፈልገው ነጋዴ በመጨረሻ ሐሰተኛ ደረሰኝ ወደመግዛት ያመራል። በዚህ መንገድ ከላይ የተሠራ አንድ ጉድለት እስከ ታችኛው ሱቅ ድረስ ይወርዳል።

ሃዋላና ጥቁር ገበያ

ከባንክ ውጭ የሚደረግ ሃዋላ የዚሁ ሰንሰለት ሌላው ጫፍ ነው። በውጭ የሚኖር ሰው ለቤተሰቡ ገንዘብ መላክ ሲፈልግ ዶላሩን ወይም ሪያሉን እዚያው ለሚገኝ ወኪል ይሰጣል። የወኪሉ ሸሪክ አዲስ አበባ ላይ ለቤተሰቡ ብር ይከፍላል። ዶላሩ ድንበር አይሻገርም፤ በውጭ ይቀርና ዱባይ ወይም ቻይና ላለ ሻጭ የመርካቶውን አስመጪ ቀሪ ዕዳ ይከፍላል። የአስመጪው ብር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ብር ይሆናል።

እናት ከልጇ የተላከላትን ገንዘብ ስትቀበል የፈጸመችው ወንጀል እንዳለ አይሰማትም፤ የተሻለ ምንዛሪ አግኝታለች። ሆኖም በዚሁ ቧንቧ የሙስና ገንዘብ ከአገር ሊወጣ ይችላል። የሰው አዘዋዋሪዎች የሚሰበስቡት ቤዛም በዚሁ ሊያልፍ ይችላል። መቀመጫውን ዋሽንግተን ያደረገው ግሎባል ፋይናንሺያል ኢንቴግሪቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ 11.7 ቢሊዮን ዶላር በሕገወጥ መንገድ ወጥቷል ሲል ገምቶ ነበር።

ኮንትሮባንድ

ልባሽ ጨርቅ፣ ሲጋራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃና ሞባይል ቀፎ ቀረጥ ሳይከፈልባቸው በምሥራቅና በደቡብ ድንበር ገብተው ከሕጋዊው ዕቃ ጋር ይቀላቀላሉ። በወጪ በኩል ደግሞ ወርቅ፣ ቡና፣ ጫትና የቁም ከብት በሕገወጥ መንገድ ይወጣሉ። የወጣው ሸቀጥ በውጭ የሚያስገኘው ምንዛሪ ተመልሶ የገቢ ኮንትሮባንድ መግዣ ይሆናል። ቀረጥ ከፍሎ ያስገባ ነጋዴ ካልከፈለው ጋር በአንድ ተራ ውስጥ መወዳደር ግድ ስለሚሆንበት ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እርሱ ነው።

እቁብ፣ ዱቤና እምነት

በመርካቶ ያለ ሰነድ የሚሠራ ሁሉ ሕገወጥ አይደለም። እቁብ አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ አዋጥተው በዕጣ የሚወስዱበት የቆየ የቁጠባ ሥርዓት ነው። ለምሳሌ 50 አባላት በየሳምንቱ 10,000 ብር ቢጥሉ ዕጣ የደረሰው በአንድ ጊዜ 500,000 ብር ይይዛል፤ ዋስ ጠርቶ ይወስዳል፤ ወለድ አይከፍልም። እቁቡ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ቤት በመያዣነት ማቅረብ ለማይችል ነጋዴ ዋናው የመነሻ ካፒታል ምንጭ ይህ ነው።

ዱቤም እንዲሁ በእምነት ላይ የቆመ ነው። አከፋፋይ ለክልል ደንበኛው ዕቃ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ክፍያው ከሽያጭ በኋላ ይመጣል። ቃሉን ያጠፈ ሰው በተራው ውስጥ ሁለተኛ ዱቤ አያገኝም።

ከስጋት አንጻር ሲታይ የእቁብ ጉዳይ ሁለት ገጽ አለው። ትልቅ ጥሬ ገንዘብ ባንክ ይዞ የመጣ ሰው «እቁብ ደረሰኝ» ብሎ ቢያስረዳ ባንኩ ማረጋገጫ ላያገኝ ይችላል። በሌላ በኩል የእቁብ አባላት እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ የማንን ሥራና የማንን አቅም የትኛው ዳኛ እንደሚያውቅ በተራው የታወቀ ነው። ደንበኛን ማወቅ የሚባለው የባንክ መርሕ በእቁብ ውስጥ ያለ ወረቀት ይሠራል። ሁሉን መደበኛ ያልሆነ ንግድ እንደ ወንጀል የሚቆጥር ግምገማ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

የቁጥጥር እርምጃዎች

በግንቦት 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ከባንክ በጥሬ የሚወጣ ገንዘብ ላይ ገደብ አደረገ። ለግለሰብ በቀን 200,000 ብር፣ ለድርጅት 300,000 ብር ነበር። ኋላ ገደቡ ወደ 50,000 እና 75,000 ብር ዝቅ ተደረገ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚለወጡና አዲስ የ200 ብር ኖት እንደሚወጣ አስታወቀ። ለቅያሪው ሦስት ወር ተሰጠ። የኅትመቱ ወጪ 3.7 ቢሊዮን ብር እንደሆነ ተገልጾ ነበር። ዓላማው ከባንክ ውጭ የተከማቸውን ገንዘብ ወደ ባንክ ማስገባት፣ የሐሰት ኖትንና ሕገወጥ ገንዘብን መቆጣጠር ነበር። በእነዚያ ወራት በርካታ አዳዲስ የባንክ ሒሳቦች ተከፈቱ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ደግሞ የጉሊት ነጋዴን ሳይቀር ወደ ዲጂታል ክፍያ አስገቡ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቁር ገበያ በእጥፍ ይመነዘር ነበር። ከለውጡ በኋላ ልዩነቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም ጠበበ፤ ኋላ ግን እንደገና መስፋት ጀመረ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባንክ ላልሆኑ 5 የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎች ፈቃድ ተሰጠ። የሁለቱ ገበያዎች ልዩነት በጠበበ ቁጥር ዋጋ አሳንሶ የማሳየትና ከባንክ ውጭ የመላክ ጥቅሙ ይቀንሳል። ዛቻና ቅጣት ለብዙ ዓመት ያላመጡትን ለውጥ የዋጋ ማስተካከያ በከፊል ሊያመጣ እንደሚችል ይህ ያሳያል። በአንጻሩ የብር መዳከም የገቢ ዕቃን ዋጋ አስወድዷል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሳው ከባድ የእሳት አደጋ የሰነድ ጉድለትን ሌላ ጉዳት አሳይቷል። በደረሰኝና በሒሳብ መዝገብ ያልተደገፈ ዕቃ ሲቃጠል ለኢንሹራንስም ሆነ ለአበዳሪ ባንክ የጠፋውን መጠን ማስረዳት ይከብዳል። ያለ ደረሰኝ መግዛት በደህናው ቀን ወጪ የሚያስቀር ቢመስልም በክፉ ቀን ነጋዴውን ያለ ማስረጃ ያስቀረዋል።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የከተማው ገቢዎች ቢሮ በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲያጠናክር በርካታ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ያለ ደረሰኝ መሸጥ 100,000 ብር ያስቀጣል። ያለ ደረሰኝ የተገኘ ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬም ተሰራጭቶ ነበር። ቸርቻሪዎች ያሰሙት ዋና አቤቱታ አስመጪና አከፋፋይ ደረሰኝ ሳይሰጣቸው ቅጣቱ በእነርሱ ላይ መውረዱ ነው። የከተማው አስተዳደር በበኩሉ በገበያው ከሚንቀሳቀሰው ንግድ ጋር የሚመጣጠን ግብር እየተሰበሰበ እንዳልሆነ ገልጿል። የኢትዮጵያ የግብር ገቢ ከአገር ውስጥ ምርቱ ጋር ሲነጻጸር ከ10 በመቶ በታች መሆኑ ከዚህ ክርክር ጀርባ ያለ እውነታ ነው።

የኢንቨስትመንት ሁኔታ

የፋይናንስ ወንጀል ስጋትና የኢንቨስትመንት ሁኔታ ብዙ ጊዜ በአንድነት ይመዘናሉ። የውጭ ባለሀብት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፦ ያገኘሁትን ትርፍ በዶላር ማውጣት እችላለሁ? ሸሪኬ ማን እንደሆነ ማወቅ እችላለሁ? ተወዳዳሪዬ እንደ እኔ ግብር ይከፍላል? ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት በጊዜ ይወስናል?

በኢትዮጵያ የኢንቨስትመንት ሥራ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 ነው። የጅምላና የችርቻሮ ንግድ እንዲሁም የአስመጪነትና የላኪነት ሥራ ለረጅም ጊዜ በዋናነት ለአገር ውስጥ ባለሀብት የተጠበቀ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ይህን ዘርፍ ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ፤ ነዳጅና ማዳበሪያ ማስመጣት ግን አልተካተተም። ቀጥሎ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ፤ በአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ዜጎች አጠቃላይ ድርሻ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ።

በሌላ በኩል አሉታዊ ነጥቦችም ተመዝግበዋል። የሰሜኑ ጦርነትና ቀጥለው በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች የታዩት ግጭቶች የንግድ መስመሮችን አውከዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አግዳለች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ባለመክፈሏ የብድር ደረጃዋ ወረደ። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. ለ2024 ባወጣው የሙስና መለኪያ ኢትዮጵያ ከ100 ያገኘችው 37 ነጥብ ነው።

የዓለም ባንክ «ዱዊንግ ቢዝነስ» ሪፖርት ለ2020 ኢትዮጵያን ከ190 አገሮች 159ኛ አድርጓት ነበር። ባንኩ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በመረጃ አሠራሩ ላይ ጉድለት ስለተገኘ ሪፖርቱን አቁሞታል። ይህም የአገሮችን ደረጃ የሚያወጡ ሰንጠረዦች ራሳቸው መመርመር እንዳለባቸው ያሳያል።

የመርካቶ ነጋዴዎች ስለ ዘርፉ መከፈት ያላቸው አስተያየት የተለያየ ነው። ትልቅ ካፒታልና የራሱ ዶላር ያለው የውጭ ኩባንያ ከገባ አነስተኛው አከፋፋይ ይጠፋል የሚሉ አሉ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ትልቅ አስመጪ ከመጣ የደረሰኙ ሰንሰለት ከላይ ይስተካከላል፣ ቸርቻሪውም ከቅጣት ይድናል የሚሉም አሉ።

በግምገማ ወቅት የሚነሱ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር ቁጥጥሩ ከየት ይጀምር የሚለው ነው። ቸርቻሪ ሱቅ በአደባባይ ስለሚገኝ ለመቅጣት ይቀላል፤ ነገር ግን በአንድ ሱቅ የሚገኘው ጉድለት ትንሽ ነው። የአስመጪዎች ቁጥር ጥቂት፣ የሚያንቀሳቅሱት ገንዘብ ብዙ ነው፤ ሰነዳቸውም ባንክና ጉምሩክ ዘንድ ይገኛል። በስጋት ላይ የተመሠረተ ቁጥጥር የሚለው መርሕ ወደ ሁለተኛው ያመለክታል።

ሁለተኛው የመረጃ መናበብ ጉዳይ ነው። የኤልሲ ዋጋ በባንክ፣ የቀረጥ ዋጋ በጉምሩክ፣ የሽያጭ ዋጋ በገቢዎች ይመዘገባል። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲታዩ ብቻ ነው ዋጋ አሳንሶ ማሳየት የሚገለጠው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ከባንክ ሒሳብና ከግብር ከፋይ ቁጥር ጋር መያያዙ በሌላ ሰው ስም መነገድን እንደሚያስቸግር ይጠበቃል።

ሦስተኛው የመብት ጥያቄ ነው። ገንዘብ ማጠብን የሚመለከቱ ሕጎች ሒሳብ ማገድን፣ ምሥጢራዊ ክትትልንና ንብረት መውረስን ይፈቅዳሉ። እነዚህ ሥልጣኖች በግልጽ ማስረጃና በፍርድ ቤት ቁጥጥር ካልተገደቡ ባለሀብቱ ራሱ እንደ ስጋት ይቆጥራቸዋል። ሒሳቡ ያለ ምክንያት ይታገድብኛል ብሎ የሚፈራ ነጋዴ ገንዘቡን ከባንክ ያርቃል፤ በዚህም ሕጉ ሊያስቀር የተነሳው የጥሬ ገንዘብ ክምችት ተመልሶ ይመጣል።

አራተኛው ቁጥጥሩ በሰዎች ላይ የሚያመጣው ጫና ነው። ተሸካሚው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ቁራሌውና የሱቅ ተላላኪው ወደ ባንክ የሚያስገባ ሰነድ ሳይኖራቸው የሚሠሩ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የሒሳብ መክፈቻ መስፈርት ማቅለል በፋትፍ ምክረ ሐሳብም የተፈቀደ ነው። የቁጥጥሩ ክብደት ሁሉ በእነርሱ ላይ ካረፈ ግን ንግዱ ከተራው ወጥቶ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ያን ጊዜ ግብሩም መረጃውም አብረው ይጠፋሉ።